ዜሮ ነው ስለ ተባለው ቁጥር

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ጥቂት ታርሞ የቀረበ።)



የክበባችን ጸሐፊ የዛሬውን ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፈ ጊዜ አንድ የሕግ ተማሪ የሆነ ወዳጄ አንብቦ «ዜሮ ስለ ሆነ ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ልትናገር ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚያስቅ ቢሆንም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴም እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ዜሮ አይደለም። ዜሮ ይሁን ተብሎ የተገመተው በ1845 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ግምት መሆኑን እየረሳ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲቀባበለው ኖሯል። ከተቀባዮቹ አንዱ እኔ ራሴ ስለ ነበርሁ፣ የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ እለምናለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱም አንድ ነገር ልበል። ቪስኮሲቲ የሚባለውን በአማርኛ ዝልግልግነት እለዋለሁ። ባልክ ቪስኮሲቲ የሚባለውን ደግሞ የይዘት ዝልግልግነት ብዬዋለሁ፤ ይዘት ማለቴ በሒሳብ ትምህርት ቮልዩም የምንለውን ነው። ከቋንቋ ክፍል የመጡ ወንድሞች የተሻለ ቃል ካላቸው ከስብሰባው በኋላ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ አሁን ግን በዚሁ እንሂድ።

ነገሩ የጀመረው በመመረቂያ ሥራዬ ነው። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ክንድ የማይሞላ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የላስቲክ ቱቦ አለ፤ በአንዱ ጫፍ ድምፅ የሚሰጥ፣ በሌላው ጫፍ ድምፅ የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ ተሰክቷል። መሣሪያዎቹ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ግድግዳ እንዳይነካ የሚያስጠነቅቁት ዓይነት ናቸው፤ የሚያሰሙት ድምፅ በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ስለ ሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። በቱቦው ውስጥ አየር ሳለ ተቀባዩ ድምፁን አጥርቶ ይቀበላል። የእኔ ተግባር ቱቦውን በልዩ ልዩ ጋዝ እየሞሉ ድምፁ ምን ያህል እንደሚደክም መለካትና ልኩን በኮምፒዩተር ከሚገኘው ስሌት ጋር ማስተያየት ነበር።

ተራው የካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆነ ጊዜ ከለስላሳ መጠጥ ሥራ ሲሊንደር ተውሼ ቱቦውን ሞላሁት። ድምፁ ጠፋ። ደከመ ማለቴ አይደለም፤ ከነጭራሹ ጠፋ። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ሽቦው ተበጥሷል አለ። ሽቦውን ለወጥን፤ ባትሪውንም ለወጥን። ቱቦውን በአየር ስናጥበው ድምፁ ተመልሶ መጣ። እንደ ገና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስናስገባ ሄደ። ኮምፒዩተሩ ግን ስንጠይቀው፣ ድምፁ በዚህ ርቀት ላይ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ እንደማይቀንስ ደጋግሞ ይመሰክር ነበር።

እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሕተቱን ከስሌቱ መረብ ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ። መረቡን አጠበብሁት፤ የጊዜውን እርምጃ አሳጠርሁት፤ ሌሊት ሌሊት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማሽኑ ሲሠራ ያድር ነበር። መልሱ አልተለወጠም። ለካ ስሕተቱ በአቆጣጠሩ ውስጥ ሳይሆን ከሚቆጠረው እኩልዮሽ ውስጥ ኖሯል። በእኩልዮሹ ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነበረ፤ ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ያንን ቦታ በዜሮ ሞልተውት አልፈዋል፤ መሞላታቸውንም በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የገለጹት።

አሁን ያ ባዶ ቦታ ምን እንደ ሆነ እናያለን።

ማር ከማሰሮ ሲቀዳ ቀስ እያለ እንደሚወርድ፣ ጠጅ ግን ወዲያው እንደሚፈስ ሁላችንም እናውቃለን። ልዩነታቸው አንዱ ንብር በሌላው ንብር ላይ ሲንሸራተት የሚነሣው ሰበቃ ነው። ይህ የሽርተታ ዝልግልግነት ይባላል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነውም ይኸው ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር የሚለወጠው በሁለት መንገድ ነው። ሊጥ በመዳፋችን ስንዳምጠው ቅርጹ ይለወጣል፣ ይዘቱ ግን ያው ነው። ስፖንጅ በጭብጣችን ስንጨምቀው ግን ይዘቱ ራሱ ይቀንሳል። ቅርጽ ሲለወጥ የሚቃወም ሰበቃ ካለ፣ ይዘት ሲለወጥ የሚቃወም ሰበቃስ የለምን? ጥያቄው ይህ ነው። አለ ከተባለ፣ ለርሱም የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ያም ቁጥር የይዘት ዝልግልግነት ነው።

ፈረንሳዊው ናቪዬ በ1822 ሰበቃ ያለበትን የፈሳሽ እንቅስቃሴ እኩልዮሽ አቀረበ። ከርሱ በኋላ ፖይሶን፣ በ1843ም ሴን ቬናን እየተከታተሉ ሠሩበት። በ1845 በኬምብሪጅ የነበረው ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ነገሩን ዛሬ በምናውቀው መልክ አስቀመጠው። ከእኩልዮሹ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ለሽርተታ፣ ሌላው ለይዘት ለውጥ። የመጀመሪያውን በቀጭን ቱቦ ውሃ እያፈሰሱ መለካት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን በዚያ ዘመን የሚለካበት መንገድ አልነበረም። ስቶክስም እንዲህ ሲል አሰበ፤ አንድ የጋዝ ድቡልቡል በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሆኖ ቢያብጥ፣ አንዱ ንብር በሌላው ላይ አይንሸራተትምና ሰበቃ የሚነሣበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ነው።

አስተሳሰቡ የሚማርክ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ወደ አንድ ያወርዳል፤ ተማሪም መምህርም ያሳርፋል። ስቶክስ ራሱ ግን አላረፈበትም። በ1851 ስለ ፔንዱለም በጻፈው ጥናት ግርጌ ላይ፣ ይህኛው የእኩልዮሹ ክፍል የተመሠረተበት ነገር፣ ይዘቱ የማይለወጥ ፈሳሽ እኩልዮሽ የተመሠረተበትን ያህል ጽኑ መስሎ እንደማይታየው ገልጿል። እንግዲህ ባለቤቱ የተጠራጠረውን ነገር እኛ ሳንጠራጠር መቀበላችን የሚገርም ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ግምቱን እንጂ የግርጌ ማስታወሻውን አልቀዱትም።

በሌላ በኩል ለስቶክስ የሚመሰክርለት ነገር ተገኝቶ ነበር። ማክስዌል በ1860ዎቹ ጋዝን እንደ ጥቃቅን የሚጋጩ ቅንጣቶች አድርጎ በሠራው ስሌት፣ ከዚያም ቻፕማንና ኤንስኮግ በ1916 እና በ1917 ባሳዩት መሠረት፣ ሳሳ ያለና በአንድ በአንድ አቶም ብቻ የቆመ ጋዝ፣ ለምሳሌ ሂሊየምና አርጎን፣ የይዘት ዝልግልግነቱ በእርግጥ ዜሮ ነው። ስቶክስ ለአርጎን ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የሚያሳዝነው ግን የምንተነፍሰው አርጎንን አለመሆኑ ነው።

ታዲያ በአየርና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሰበቃው ከየት ይመጣል? ይህን ለማስረዳት ከፊዚክስ ትንሽ ወጣ ልበል።

አንድ ደመወዝተኛ አስቡ። ደመወዙን በተቀበለበት ቀን ገንዘቡ ሁሉ በኪሱ ውስጥ ነው። በማግሥቱ የዕቁቡን ይከፍላል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የቤት ኪራይና የዕድሩን ያወጣል፤ በኪሱ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል። ሀብቱን የሚገምት ሰው ኪሱን ብቻ የሚዳስስ ቢሆን፣ በደመወዝ ቀን ሲዳስሰው ከልኩ በላይ ሀብታም ይመስለዋል። እንደ ገና ድንገተኛ ወጪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚራቆተው ያው ኪሱ ነው፤ ዕቁቡ ጋ ያለው ገንዘብ እስኪደርስለት ድረስ ከልኩ በላይ ድኻ መስሎ ይታያል።

ሞለኪውልም እንዲሁ ነው። ጉልበቱን የሚያስቀምጥባቸው ሦስት ቦታዎች አሉት። አንደኛው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሮጥበት፣ ሁለተኛው የሚሽከረከርበት፣ ሦስተኛው አቶሞቹ በመካከላቸው የሚርገበገቡበት ነው። ግፊት የምንለው ነገር የሞለኪውሎች ሩጫ ግድግዳን ሲመታ የሚሰማው ስለ ሆነ፣ የሚዳስሰው የመጀመሪያውን ኪስ ብቻ ነው። ጋዙን በድንገት ስንጨምቀው የሰጠነው ጉልበት ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሩጫው ይገባል። ወደ መሽከርከሩና ወደ መርገብገቡ የሚተላለፈው በግጭት ብዛት ነው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሆኖ ይገፋናል። ጋዙን ስንለቀው ደግሞ የሚከፍለው መጀመሪያ ሩጫው ስለ ሆነ፣ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሆኖ ይገፋልናል። ስንጨምቅ ብዙ ሰጥተን ስንለቅ ጥቂት እንቀበላለን። ልዩነቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ንብር በንብር ላይ ሳይንሸራተት ሰበቃ ሆነ ማለት ይኸ ነው።

እንግዲህ የይዘት ዝልግልግነት ማለት በአጭሩ የሚከተለው ነው። በሙቀትና በጥግግት የሚታወቀው የጋዙ ግፊት አንድ ነገር ነው፤ ጋዙ ይዘቱን በሚለውጥበት ቅጽበት ግድግዳ የሚሰማው ግፊት ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ ልዩነት ይዘቱ ከሚለወጥበት ፍጥነት ጋር እኩል እየተመጣጠነ ይሄዳል፤ የምጣኔውም ቁጥር የይዘት ዝልግልግነት ነው። ቲዛ በ1942 እንዳሳየው፣ ይህ ቁጥር የሚያድገው ጉልበቱ ወደ ውስጠኛው ኪስ እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜና ያ ኪስ በሚይዘው መጠን ልክ ነው።

ቁጥሮቹን ብትሰሙ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። በናይትሮጅን ዘንድ መሽከርከሩ ድርሻውን ለመቀበል ጥቂት ግጭት ብቻ ይበቃዋል፤ ጊዜውም ከአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ አይበልጥም። ስለዚህ የይዘት ዝልግልግነቱ የሽርተታውን 0.7 እጥፍ ያህል ነው፤ ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ግን ካርቦኑን በመካከል አድርጎ እንደ በትር የቀና ነው፤ ያ በትር ጎበጥ ቀና እያለ የሚርገበገበው መርገብገብ ድርሻውን የሚያገኘው በዐሥር ሺዎች ከሚቆጠር ግጭት በኋላ ነው። ጊዜውም በተራ ግፊትና ሙቀት ጥቂት ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ይሆናል። አጭር ነው ትሉ ይሆናል፤ ለሞለኪውል ግን ዘመን ነው። በዚህ ምክንያት የካርቦን ዳይኦክሳይድ የይዘት ዝልግልግነት ከሽርተታው በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል። እኔ ዜሮ ብዬ የተውሁት ቁጥር ይህ ነበር።

ይህ ነገር ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የተለየ እንዳይመስላችሁ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለውን አየር እንውሰድ። ስቶክስ በሽርተታ፣ ኪርኾፍም በ1868 የሙቀትን መተላለፍ ጨምሮ ድምፅ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚደክም ቀመር ሠርተዋል። በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ ቀመሩ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ሜትር 0.12 ዴሲቤል ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀትና መካከለኛ እርጥበት ባለው አየር የሚለካው ግን ወደ 5 ዴሲቤል ይጠጋል፤ አርባ እጥፍ ማለት ነው! አሜሪካዊው ቨርን ክኑድሰን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በክፍሎች ውስጥ የድምፅን መመላለስ ሲያጠና፣ ቀጭን ድምፅ የሚጠፋው በግድግዳው ብቻ ሳይሆን በአየሩ ውስጥ እንደ ሆነና ይህም በአየሩ እርጥበት እንደሚለዋወጥ አገኘ። ጀርመናዊው ክኔዘር ምክንያቱን ገለጸው፤ የኦክሲጅን ሞለኪውል መርገብገብ ነው፤ የውሃ ተን ደግሞ በግጭቱ መካከል እየገባ ጉልበቱን ቶሎ ያቀባብላል። ስለዚህ የእርጥበቱ መጠን የመተላለፊያውን ጊዜ ይለውጠዋል። ለሙዚቃ አዳራሽ የሚጨነቅ መሐንዲስ የውሃ ተን ጉዳይ ያገባዋል ብሎ ማን ያስባል?

ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ የራሴ ነገር ተገለጠልኝ። ሲሊንደሩ ከመገኘቱ በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሆምጣጤና ቢካርቦኔት በጠርሙስ ቀላቅለን ነበር የምንሠራው፤ ያን ጊዜ ድምፁ ደከም ይል ነበር እንጂ ጨርሶ አይጠፋም ነበር። በንጹሑ በሲሊንደሩ ጋዝ ሲጠፋ፣ «ርካሹ ጋዝ ይሻላል» እያልን እንስቅ ነበር። ለካ የጠርሙሱ ጋዝ የውሃ ተን ይዞ ይመጣ ኖሯል።

ፈሳሽም ከዚህ ነጻ አይደለም። ንጹሕ ውሃ ድምፅን የሚያደክመው ስቶክስ ከሚለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ የውሃ የይዘት ዝልግልግነትም የሽርተታውን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ምክንያቱ መርገብገብ ሳይሆን የውሃ ሞለኪውሎች የሚደራጁበት ሥርዐት በግፊት ጊዜ ለመለወጥ ጊዜ መውሰዱ እንደ ሆነ ሆል በ1948 አመልክቷል። የባሕር ውሃማ ከዚህ ይብሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከቦች የባሕር ሰርጓጅን በድምፅ ሲፈልጉ፣ ድምፁ በጨዋማው ውሃ ከንጹሑ ብዙ እጥፍ ሲደክም ተገኘ። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለው ጥቂት ማግኒዝየም ሰልፌት ነበር፤ በግፊት ጊዜ ይለያያል፣ ይገናኛል፣ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ማንፍሬድ አይገን እንዲህ ያሉትን እጅግ ፈጣን የኬሚስትሪ ለውጦች በድምፅና በሌላም መንገድ ለክቶ በ1967 የኖቤል ሽልማት ከኖሪሽና ከፖርተር ጋር ተካፈለ። ድምፅ ሲጠፋ «ሽቦው ተበጥሷል» ብሎ ያልተወ ሰው ምን እንደሚያገኝ ተመልከቱ!

አሁን ወደ ቱቦዬ ልመለስ፤ የነገሩ ከባድ ክፍል ገና አልተነገረምና።

ዜሮ ስሕተት መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ደስ ብሎኝ ያንን በሺህ የሚቆጠር ቁጥር በባዶው ቦታ አስገባሁ። ማሽኑም ሌሊቱን ሠርቶ ጧት መልሱን ሰጠኝ። አሁን ደግሞ ድምፁ ከልክ በላይ ሞተ! ቱቦው ራሱ ከሚያጠፋው ይልቅ ስሌቱ የሚያጠፋው በለጠ። አንድ ስሕተት ጥዬ ሌላ ስሕተት አንሥቼ ነበር።

ምክንያቱን ደመወዝተኛው ያስረዳናል። ገንዘቡን ለዕቁብና ለኪራይ ለማድረስ አንድ ሳምንት የሚፈጅበት ሰው፣ ገቢና ወጪው በየወሩ ቢመላለስ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ እየቀረ ይከተላል። ገቢና ወጪው በየሰዓቱ የሚመላለስ ቢሆን ግን ወደ ዕቁቡ የሚደርስ ነገር አይኖርም፤ ገንዘቡ ከኪስ ገብቶ ከኪስ ይወጣል፣ ዕቁቡም እንደ ሌለ ይቆጠራል። የይዘት ዝልግልግነት የሚባለው አንድ ቁጥር የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ይኸውም የጋዙ ይዘት የሚለዋወጥበት ጊዜ ከመተላለፊያው ጊዜ እጅግ የረዘመ እንደ ሆነ ነው። የእኔ ድምፅ ግን አንዱ ርግብግቢት 25 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ነው፤ ከመተላለፊያው ጊዜ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ ነው። በዚህ መካከለኛ ቦታ ላይ ዜሮም ትልቁ ቁጥርም አያገለግሉም። የውስጠኛውን ኪስ ጉልበት ለብቻው የሚከታተል ሌላ እኩልዮሽ መጨመር ግድ ነው። ያንን ስጨምር ስሌቱና ቱቦው ታረቁ። የከተማችንም ከፍታ ድርሻ አለው፤ በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ግጭቱ ስለሚያንስ የመተላለፊያው ጊዜ በሲሶ ያህል ይረዝማል። የውጭ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ቀጥታ ገልብጦ መጠቀም የማይሆነው ለዚህ ነው።

የዚህን ነገር ምስክር ከሩቅ ልጥቀስ። በየካቲት 2021 (በነርሱ ፌብሩዋሪ) በማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ማይክሮፎን ይዛ ነበር። የማርስ ከባቢ አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ግፊቱ ከምድር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ግጭቱ ጥቂት ነው፤ የመተላለፊያው ጊዜ ወደ ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በምድር ላይ የሰው ጆሮ በማይሰማው ቀጭን ድምፅ የሚሆነው ነገር፣ በማርስ ላይ በተራ ወፍራም ድምፅ ይሆናል ማለት ነው። ሲልቬስትር ሞሪስና ባልደረቦቹ በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳስታወቁት፣ የሆነውም ይኸው ነው። በሴኮንድ ከ240 ርግብግቢት በታች የሆነ ድምፅ በሴኮንድ 240 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ግን 250 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያ ቦታ መሰንቆ ቢመታ ቀጭኑ ቃና ከወፍራሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ አዝማሪው ምን ይል ይሆን!

በሌላ በኩል ብርሃንን በጋዝ ውስጥ በትነው የይዘት ዝልግልግነትን የሚለኩ ሰዎች አሉ። እነርሱ የሚመለከቱት ለውጥ በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያገኙት ቁጥር ከሽርተታው ያነሰ ነው። አንድ ጋዝ፣ አንድ ስም ያለው ቁጥር፣ በአንዱ መለኪያ በሺህ እጥፍ፣ በሌላው ከአንድ በታች! አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው ነገሩ ሁሉ የተምታታ ነው ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ሁለቱም ልክ ለክተዋል፤ አንዱ ዕቁቡ ሲከፈል ጠብቆ ቆጠረ፣ ሌላው ሳይጠብቅ ቆጠረ። ስሕተት የሚሆነው የአንዱን ቁጥር ወስዶ በሌላው ሥራ ላይ ማዋል ነው። በ1954 በሎንዶን የሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት ስለ ሁለቱ ዝልግልግነቶች ብቻ አንድ ጉባኤ አድርገው የተከራከሩት በከንቱ አልነበረም።

ፍትሕ እንዳይጓደል ግን ዜሮ ብሎ ማለፍ የማይጎዳበትን ቦታም ልናገር። ውሃ በቧንቧ ሲሄድ፣ ነፋስ በሕንፃ ዙሪያ ሲነፍስ፣ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ሲሶ በታች የሆነ ማናቸውም ፍሰት ይዘቱ ከሞላ ጎደል አይለወጥም፤ በዜሮ የሚባዛ ቁጥር ትልቅ ቢሆን ትንሽ ቢሆን ምን ያደርጋል? በፈጣን አውሮፕላን ክንፍ ላይ እንኳ ቆዳውን ተጠግቶ የሚሄደው ቀጭን ንብር የሚገዛው በሽርተታ ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ሊቃውንት ያለዚህ ቁጥር ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ አውሮፕላኖቹም በርረዋል። የሚያስፈልገው ድምፅ ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ ወይም ሾክ ዌቭ በሚባለው ድንገተኛ የግፊት ግድግዳ ውስጥ ነው። የዚህ ግድግዳ ውፍረት አንድ ሞለኪውል ከግጭት እስከ ግጭት የሚሄደውን መንገድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢያጥፍ ነው። አልስማየር በ1976 በአርጎንና በናይትሮጅን ውስጥ የግድግዳውን ቅርጽ በኤሌክትሮን ጨረር ለክቶ አሳትሟል። ለናይትሮጅን፣ ያንን 0.7 እጥፍ የሚሆነውን ቁጥር ያስገባ ስሌት ለደካማ ሾክ ከልኩ ጋር ይቀራረባል፤ ዜሮ ያስገባ ስሌት ግድግዳውን ከልኩ በላይ ያሳሳዋል። ለብርቱ ሾክ ግን እኩልዮሹ ራሱ ይደክማል፤ የዚያን ጊዜ በዝልግልግነት ማመካኘት አይገባም።

ከዚህም አልፎ በሰማይ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ፣ ቁሱ ሲጨመቅና ሲለቀቅ በውስጡ የሚሆነው ለውጥ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የይዘት ዝልግልግነት የኮከቡን መንቀጥቀጥ ሊያበርድ ይችላል ብለው የሚመረምሩ አሉ። ይህን ያነሣሁት አሠራሩ ያው መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ወደ ዝርዝሩ ለመግባት እውቀቴ አይፈቅድልኝም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቅርቡ ነው። ዛሬ ማንም ተማሪ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አውርዶ፣ ጋዙን ከዝርዝር መርጦ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫን ባለ ቀለም ሥዕል ይወጣለታል። ሥዕሉ ያማረ ነው። በየቀለሙ ሥር የተደረገውን ግምት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ቱቦው ባይቃወመኝ ኖሮ አልጠይቅም ነበር፤ መመረቂያዬንም በዚያው ሥዕል አስረክቤ፣ ምናልባትም ጥሩ ነጥብ አግኝቼበት እወጣ ነበር። ስለዚህ ለክበባችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ ዓመት ማንም አባላችን የሚታመቅ ፍሰት ስሌት ሲያቀርብ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ይጻፍ፤ የይዘት ዝልግልግነቱን ስንት እንዳደረገውና የፍሰቱ ጊዜ ከጋዙ የመተላለፊያ ጊዜ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደ ሆነ። ዜሮም ካደረገው ዜሮ ብሎ ይጻፈው። አንዳንድ መምህራን ይህ ሥራ ያበዛል እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ክርክሩን ከአሁኑ እቀበላለሁ።

ቱቦው ይኸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሲሊንደሩም ከጎኑ ነው። የተቀባዩን መርፌ ለማየት የምትፈልጉ አምስት አምስት እየሆናችሁ ቅረቡ፤ መስኮቶቹም ይከፈቱ፣ ጋዙ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ታች ይተኛልና ወለል ላይ አትቀመጡ። ሲሊንደሩን ነገ ጧት ከሁለት ሰዓት በፊት መመለስ ስላለብኝ፣ ጥያቄውን ሙከራው እየተደረገ ብትጠይቁኝ ይሻላል።